ቶማስ ብርሃን አልጠየቀም

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የጌታችን ሰላም ይብዛላችሁ።

ከትንሣኤ ቀጥሎ ባለው እሑድ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ሲነበብ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ቶማስን «ተጠራጣሪው» ብለን ስም አውጥተንለታል፤ የጠየቀውን ግን ልብ አላልነውም። በታቦር ተራራ እንደ ሆነው ፊቱ ሲያበራ ካላየሁ አላለም። የመላእክት ዝማሬ ይሰማኝ አላለም። የችንካሩን ምልክት ልይ፣ ጣቴን እዚያ ላግባ ነው ያለው። ጌታውን በቁስሉ ሊያውቀው ፈለገ። ጌታም አልተቆጣውም፤ «ጣትህን ወደዚህ አምጣ» አለው።

ዛሬ በመካከላችን የምሰማው ምስክርነት ሌላ መልክ ይዟል። «ሰውነቴን ነዘረኝ»፣ «እጄ ጋለ»፣ «ልዩ መዓዛ ሸተተኝ፤ ስለዚህ ዛሬ እግዚአብሔር ነበረ»። ያልነዘረውስ? ከጎናችሁ ቆሞ ምንም ሳይሰማው የጸለየው ወንድማችሁ እግዚአብሔር ዘሎት አለፈ ልትሉት ነው?

እንዳትሳሳቱብኝ። ስሜት ሕዋሳትን የፈጠረ እርሱ ነው፤ ደግሞም ይጠቀምባቸዋል። የኢሳይያስን ከንፈር በፍም ነካ። መዝሙረኛው እግዚአብሔር ቸር እንደ ሆነ ቅመሱ ይለናል። ዕውር ሆኖ ለተወለደው ሰው ጌታ በምራቁ ጭቃ አድርጎ ዓይኑን ቀባው፤ በደንቆሮው ጆሮ ጣቱን አገባ። በቢታንያ ማርያም እግሩን ስትቀባው ቤቱ በሽቱ መዓዛ ሞላ፤ ወንጌላዊው ያንን ሽታ ሳይጽፈው አላለፈም። ይኸው ዮሐንስ በመልእክቱ መጀመሪያ «በዓይኖቻችንም ያየነውን የተመለከትነውንም እጆቻችንም የዳሰሱትን» ብሎ ይመሰክራል። እምነታችን ሥጋ በለበሰ አምላክ ነው። ዛሬም በውኃ ያጠምቀናል፤ በአፋችን እንቀበለዋለን።

እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ግን በማርቆስ ምዕራፍ 1 ያለውን ለምጻም ነው። በሙሴ ሕግ ለምጻም ልብሱ የተቀደደ ይሆናል፣ «ርኩስ ርኩስ» እያለ ይጮኻል፣ ከሰፈር ውጭ ብቻውን ይቀመጣል። እናቱ እንኳ ብታገኘው አታቅፈውም። የሚቀርበው ሰው ቢኖር ያው እንደ እርሱ የተጣለ ለምጻም ነው። ይህ ሰው መጥቶ ተንበረከከ፤ «ብትወድስ ልታነጻኝ ትችላለህ» አለ። ንካኝ አላለም፤ ያንን ለመጠየቅም አልደፈረም።

ጌታ በቃል ብቻ መፈወስ አቅቶት ነበርን? የመቶ አለቃውን ብላቴና ቤቱ ሳይገባ ከሩቅ ፈውሶታል። እዚህ ግን ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ፦ አዘነለት፣ እጁን ዘረጋ፣ ዳሰሰው፤ ከዚያ በኋላ ነው «እወድዳለሁ፥ ንጻ» ያለው። ሲዳስሰው ሰውየው ገና ለምጻም ነበር። ቁስሉ ገና አልደረቀም። ከነጻ በኋላ ማንም ይነካው ነበር፤ ጌታ ግን ሳይነጻ ነካው። ያ ቆዳ የእግዚአብሔርን ፍቅር ከጆሮው ቀድሞ አወቀ።

ይህን እያነበብን ነው እንግዲህ መንዘርና መጋል ፍለጋ የምንዞረው። በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 4 ታቦቱ ወደ ሰፈር በገባ ጊዜ እስራኤል ታላቅ እልልታ አደረጉ፤ ምድሪቱ አስተጋባች። ጠላት እንኳ ድምፁን ሰምቶ ፈራ። ያን ቀን ከነበሩት አንዱን ብትጠይቁት «እግዚአብሔር በመካከላችን ነው፤ ተሰምቶኛል» ይላችሁ ነበር። በዚያ ጦርነት ግን 30,000 እግረኛ ወደቀ፤ ታቦቱም ተማረከ። የካህኑ የዔሊ ልጆች ኃጢአት በሰፈሩ እያለ እልልታው ማንን ያድናል? ሕዝቡ ንስሓ አልገባም ነበር፤ የጮኸው ግን ከልቡ ነው። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ደግሞ በዚህ ጉዳይ የሚያለቅሱ አሉ። «ሁሉም ሲያነባ እኔ እንደ ድንጋይ እቆማለሁ፤ እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን?» ያለችኝ እኅት አለች። እኅቴ ሆይ፥ ቶማስን እይው። ሌሎቹ «ጌታን አይተነዋል» እያሉ ሲደሰቱ እርሱ ምንም አላየም፣ ምንም አልዳሰሰም። ስምንት ቀን በሰው ደስታ መካከል ባዶ እጁን ከረመ። ወንጌሉ ግን ከስምንት ቀን በኋላ «ቶማስም ከእነርሱ ጋር ነበረ» ይላል። አኩርፎ አልሄደም፤ ሳያይም አይቻለሁ ብሎ አልዋሸም። ጌታ ሲመጣ እዚያው አገኘው። አንቺም የማታውቂውን እንባ ለማምጣት ራስሽን አታስጨንቂ፤ ጸሎቱን ግን አትተዪ። «ሳያዩ የሚያምኑ ብፁዓን ናቸው» የተባለው ለእንዳንቺ ያለው ነው።

ስሜት ለምናሳድደው ግን አንድ የቆየ ደብዳቤ ላስታውሳችሁ። የአንጾኪያው ቅዱስ አግናጥዮስ በ2ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ለሰማዕትነት ወደ ሮም ሲወሰድ፣ ለሰምርኔስ ክርስቲያኖች ጽፎላቸዋል። በዚያ ዘመን ጌታ ሥጋ የለበሰው በእውነት ሳይሆን በምትሐት ነው የሚሉ ነበሩ። አግናጥዮስ ስለ እነርሱ ሲናገር ከቅዱስ ቁርባን ይርቃሉ ይላል፤ እዚያው ላይ ደግሞ ስለ መበለቲቱና ወላጅ ስለ ሌለው ልጅ፣ ስለ ተራበውና ስለ ተጠማው ግድ የላቸውም ይላል። የጌታን ሥጋ የካዱት የድኻውንም ሥጋ ረሱ። እኛ በአፋችን አልካድንም። ዳሩ ግን በጸሎት ላይ ወደ ላይ የምንዘረጋው እጅ ወደ ታመመ ሰው አልጋ መቼ ነው የተዘረጋው? «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ያለው እኮ ጌታ ራሱ ነው።

በዚህ ሳምንት አንድ በሽተኛ ጠይቁ፤ ሰው የሚሸሸው ቢሆን ይመረጣል። በር ላይ ቆማችሁ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብላችሁ እንዳትመለሱ። አጠገቡ ተቀመጡ፤ እጁን ያዙት፤ ቶሎም አትልቀቁት።