ናፍጣ ውስጥ ያለ ውሃ ምንድን ነው? በብርድ ወራትስ ለምን ይብሳል?

ናፍጣው ውሃ አለበት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው ሻጩን ነው። እንዲያ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን ንጹሕ ናፍጣ የተሞላ ትራክተርም በቆመበት ውሃ ያጠራቅማል። በብርድ ወራት ደግሞ ይብስበታል።

ውሃ ናፍጣ ውስጥ በሦስት መልክ ይገኛል። አንዱ ሟሙቶ ነው፤ ናፍጣው ኩልል ብሎ ስለሚታይ ማንም አያውቀውም። ሌላው ደቅቆ ተበትኖ ነው፤ ያኔ ናፍጣው ይደፈርሳል። ሦስተኛው ተለይቶ የወጣ ውሃ ነው። ከናፍጣ ስለሚከብድ ታንከሩ ሥር ይተኛል። የአውሮፓው ኢኤን 590 ደረጃ በአንድ ኪሎ ናፍጣ እስከ 200 ሚሊ ግራም ውሃ ይፈቅዳል። ስለዚህ ደረጃውን የጠበቀ ናፍጣም ጨርሶ ከውሃ የጸዳ አይደለም። ናፍጣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ውሃ አሟሙቶ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ቀን ሟሙቶ የቆየው ሌሊት ተለይቶ ይወጣል።

ሌላው መግቢያ አየር ነው። ነዳጁ በቀነሰ ቁጥር በቦታው አየር ይተካል፤ አየሩ ደግሞ እርጥበት ይዞ ይገባል። ሌሊት ብረቱ ሲቀዘቅዝ የታንከሩ ውስጠኛ ግድግዳ እንደ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ያልበዋል። ያ ላብ ጠብ ጠብ እያለ ናፍጣው ውስጥ ይገባል። ታንከሩ በጎደለ መጠን ላቡም ይበዛል። ስለዚህ ናፍጣ መሙላት ያለብን ጠዋት ሥራ ስንጀምር ሳይሆን ማታ ሥራ ስናበቃ ነው። ናፍጣው ሲሞቅ የሚሰፋበት ትንሽ ቦታ ብቻ ይተው።

ብርዱ ከዜሮ ዲግሪ ሲወርድ ውሃው በረዶ ይሆንና ቱቦውን ወይም ፊልትሮውን (የናፍጣ ማጣሪያውን) ይዘጋል። ሞተሩ ይነሳል፣ ጥቂት ይሠራል፣ ጉልበት እያነሰው ሄዶ ቀጥ ይላል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ናፍጣ በተፈጥሮው ሰም አለው፤ ሰሙም በብርድ ሲረጋ ፊልትሮ ይዘጋል። ምልክቱ አንድ ነው፣ መፍትሔው ግን ይለያያል። ለመለየት ከፊልትሮው ትንሽ በብርጭቆ ቀድቶ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሁሉም ተመልሶ አንድ ዓይነት ጥርት ያለ ናፍጣ ከሆነ ጥፋቱ የሰሙ ነው። ሥሩ ላይ የተለየ ንጣፍ ከተኛ ግን ውሃ ነው። ሰም እንዳይረጋ የሚጨመረው መድኃኒት ውሃውን አያስወጣም።

በረዶው ቢቀልጥም ጣጣው አያበቃም። ውሃ ፖምፓውንና ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝል ያዝጋል፤ እንደ ናፍጣም አያለሰልስም። ዘመናዊ ሞተሮች ናፍጣውን እስከ 2000 ባር በሚደርስ ግፊት ስለሚረጩ ጥቂት ውሃ እንኳ ይጎዳቸዋል። ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት መስመር ላይም ጥቃቅን ሕዋሳት ይራባሉ። ጥቁር ዝልግልግ አተላቸው ፊልትሮ ይደፍናል።

ዋናው መከላከያ ውሃ የሚለየው ፊልትሮ ነው። ብዙ ትራክተሮች ላይ ሥሩ ግልጽ ኩባያና ማፍሰሻ አለው። በብርድ ወራት ይህን ማታ፣ ሞተሩ ከጠፋና ትንሽ ከቆየ በኋላ ማፍሰስ ይሻላል። ሌሊቱን ከቀዘቀዘ ጠዋት ማፍሰሻው ቢከፈትም ጠብ የሚል ነገር የለም። ዕቃ ከሥሩ ይደገንና ማፍሰሻው ቀስ ብሎ ይከፈት። መጀመሪያ ውሃው ይወርዳል፣ ቀጥሎ የተደባለቀው፣ ከዚያ ንጹሕ ናፍጣ ይመጣል። ያኔ ይዘጋል። የወጣውን መሬት ላይ አትድፉት። ማፍሰሻው አየር ካስገባ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት አየሩ መውጣት አለበት።

አልኮል ወይም ቤንዚን ጨምሮ መገላገል የሚሉትን ምክር እኔ አልደግፍም። ሁለቱም ናፍጣው በቀላሉ እሳት እንዲይዝ ያደርጉታል። አልኮሉ ደግሞ ውሃውን ይዞ በፊልትሮው ያልፍና ጎሚኒዎቹን (የጎማ ማሸጊያዎቹን) ሊጎዳ ይችላል። በረዶ የያዘውን ፊልትሮም በእሳት ለማሞቅ እንዳትሞክሩ። ትራክተሩ ሞቅ ያለ መጋዘን ውስጥ ይግባ፤ ካልተቻለ ፊልትሮው ላይ ከውጭ ሞቅ ያለ ውሃ ይፍሰስበት።

በርሜልም አይረሳ። ውጭ ቆሞ የሚያድር 200 ሊትር በርሜል ጠርዙ የዝናብ ውሃና የቀለጠ በረዶ ያቁራል። ሌሊት ውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ውሃውን በክዳኑ ጥርስ በኩል ስቦ ያስገባል። ክዳኑ ጥብቅ ቢመስልም። መጠለያ ከሌለ በርሜሉን ማስተኛት ነው፤ ሁለቱ ክዳኖች ግራና ቀኝ እኩል ከፍታ ላይ ሆነው፣ ከውስጥ በናፍጣ እንደተሸፈኑ።