የአይኤምኤስ ኩሽኔታ ምንድን ነው? ያገለገለ ፖርሽ ለመግዛት ለሚያስቡ

ያገለገለ የስፖርት መኪና ለመግዛት የሄደ ሰው «ሞተሩ ደህና ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙም አይጠቀምም፤ ሻጩ «ደህና ነው» ይላል፣ ምናልባትም ከልቡ አምኖበት ነው። የሚጠቅመው የዚያን ሞተር የታወቀ ሕመም አስቀድሞ አውቆ በስሙ መጠየቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2008 ባሉት የፖርሽ ሞዴሎች፣ በቦክስተር፣ በኬይማን እና በ911 ላይ በስሙ ሊጠየቅ የሚገባው ችግር የአይኤምኤስ ኩሽኔታ ነው። በተለይ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ቢያውቁት ደስ ይለኛል፤ በዚያ የመጀመሪያው ቦክስተር ብዙ ጊዜ ከአንድ ተራ ያገለገለ የቤት መኪና ባልበለጠ ዋጋ ስለሚገኝ፣ ዋጋው ብቻ ያስደሰተው ገዢ ሳይመረምር ሊፈርም ይችላል።

አይኤምኤስ በሞተሩ ሆድ ውስጥ፣ ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ ከክራንክሻፍቱ በታች የሚዞር መካከለኛ ዘንግ ነው። ክራንክሻፍቱ በካቴና ያዞረዋል፤ እርሱ ደግሞ በሌሎች ካቴናዎች አማካይነት በሁለቱም ወገን ያሉትን፣ ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ካምሻፍቶች ያንቀሳቅሳል። በቮላኖው፣ ማለትም በሞተሩ ጫፍ ላይ በሚዞረው ከባድ መንኮራኩር በኩል ያለውን የዘንጉን ጫፍ የሚሸከመው በሁለቱም ጎኑ የተደፈነ፣ የራሱ ግራሶ ያለው የኳስ ኩሽኔታ ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ከመደፈኑ ነው። ዓመታት ሲያልፉ መድፈኛው ይደክምና የሞተር ዘይት ወደ ውስጥ ሰርጎ ግራሶውን ያጥበዋል። የገባው ዘይት ግን እንደ ልብ ስለማይዘዋወር እዚያው ይቆያል፣ ይበላሻል፣ ኳሶቹንም በሚገባ ማለስለስ ይሳነዋል። ኩሽኔታው ሲሰበር ዘንጉ ከቦታው ይንቀሳቀሳል፣ የካቴናው ሥርዓት ይዛባል፣ ቫልቮች ከፒስተኖች ጋር ይጋጫሉ። ከዚያ በኋላ የሞተሩ ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ከሁሉም የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ ሲሆን በዳሽቦርዱ ላይ ቀድሞ የሚበራ መብራት አለመኖሩ ነው።

ኩሽኔታው በሦስት ዓይነት ተሠርቷል። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ኳሶቹ በሁለት ረድፍ የተደረደሩበት ነበራቸው። ከ2000 ገደማ ጀምሮ በባለ አንድ ረድፍ ተተካ፤ የውጭ ስፋቱ 47 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ፣ በመዳፍ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ከሦስቱ ደካማው እርሱ መሆኑ ይታወቃል። ከ2006 እስከ 2008 ያሉት ሞተሮች ተለቅ ያለና ጠንከር ያለ ኩሽኔታ አላቸው፤ ነገር ግን ኩሽኔታው ከሚወጣበት ቀዳዳ ስለሚሰፋ ሞተሩ ወርዶ ለሁለት ካልተከፈለ በስተቀር ሊቀየር አይችልም። ከ2009 ሞዴል ጀምሮ የመጣው አዲስ ሞተር መካከለኛው ዘንግ ራሱ የለውም። በዚያው ዘመን የነበሩት 911 ተርቦና ጂቲ3 ደግሞ መሐንዲሱ ሃንስ ሜዝገር የነደፈው የሌላ ዘር ሞተር ስላላቸው ይህ ሥጋት አይመለከታቸውም። በመሸጋገሪያዎቹ ዓመታት ግን በሞዴሉ ዓመት ብቻ መተማመን አይበቃም፤ ሞተሩ በመካከል ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል የሞተሩን ቁጥር ከሰነዱ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ሥጋቱን በልኩ መያዝም ተገቢ ነው። በአሜሪካ ከ2001 እስከ 2005 ያሉትን መኪኖች የሚመለከት የጋራ ክስ ቀርቦ በ2013 በስምምነት ተቋጭቷል፤ ከዚያ ክስ ጋር በተያያዘ በሰፊው የሚጠቀሰው አኃዝ ባለ አንድ ረድፉ 8 በመቶ ያህል፣ ባለ ሁለት ረድፉ ደግሞ 1 በመቶ ገደማ ብልሽት እንደነበረበት ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ መኪኖች ችግሩ ሳይደርስባቸው እየተነዱ ነው። ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ግን ጥቂት ኪሎሜትር የሄደውን መኪና ከሁሉ የተሻለ አድርገው ሲያዩ ነው። በዚህ ሞተር ላይ የሠሩ ብዙ ባለሙያዎች፣ ዘወትር ከሚነዳውና ዘይቱ በየጊዜው ከሚቀየረው ይልቅ ለረጅም ጊዜ ጋራዥ ውስጥ የቆመውንና ዘይቱ ያረጀበትን መኪና ይፈሩታል።

ምርመራው የሚጀምረው ከዘይት ፊልትሮው ነው፤ እኔም ከሁሉ አስበልጬ የማምነው እርሱን ነው። በዚህ ሞተር ፊልትሮው ከፕላስቲክ በተሠራ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ የወረቀት ፊልትሮ ስለሆነ ብረት መቁረጥ አያስፈልግም። ቤቱ ተፈትቶ ሲወርድ ከታች የቀረው ዘይት በንጹሕ ዕቃ ይቀመጣል፤ የወረቀቱ እጥፋቶች በስለት ተቆርጠው በነጭ ወረቀት ላይ ይዘረጋሉ፣ ከዚያም በጠንካራ ብርሃን ሥር እጥፋት በእጥፋት ይታያሉ። ማግኔት ሲጠጋ ተስቦ የሚመጣ የሚያብረቀርቅ ቅንጣት ካለ ብረት ነውና ኩሽኔታው መጠርጠር አለበት። ማግኔት የማይስበው ብርማ ብናኝ አሉሚኒየም ሊሆን ስለሚችል ዓይንን ወደ ሌላ የሞተሩ ክፍል ይመራል። ቡናማ ወይም ጥቁር የፕላስቲክ ስብርባሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከካቴናው መምሪያዎች ነው። ከዚያ ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ኮፓ ቢከፈትና ታቹ ቢታይ የበለጠ ይታመናል። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ሲነሳ የሚሰማውን ድምፅ ማዳመጥና የካምሻፍቶቹን የመዛነፍ ልክ በኮምፒውተር ማስነበብም ይጠቅማል፤ ሆኖም ንባቡ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ኩሽኔታው ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም።

ሻጩ «ተቀይሯል» ካለ ደረሰኝ ይጠየቃል። ኩሽኔታው የሚደረስበት ካምቢዮው ወርዶ፣ ፍሪሲዮኑና ቮላኖው ተፈተው ስለሆነ ሥራው ብዙ ጊዜ ከፍሪሲዮን ለውጥ ጋር አብሮ ይሠራል፤ ስለዚህ ደረሰኙ ቀኑን፣ በወቅቱ የነበረውን ኪሎሜትርና የገባውን ኩሽኔታ ዓይነት መያዝ አለበት። ሴራሚክ ኳስ ያለው ከሆነ የራሱ የአገልግሎት ዘመን እንዳለው መታወቅ ይኖርበታል። በካምቢዮውና በሞተሩ መገናኛ ላይ የዘይት ርጥበት ቢታይ ብዙ ጊዜ የክራንክሻፍቱ የኋላ መድፈኛ ነው፤ እርሱ ሞተር የሚያጠፋ ባይሆንም የአይኤምኤሱ ክዳን ሲያፈስም እዚያው ስለሚታይ ባለሙያ ሊለየው ይገባል።

የኩሽኔታው ደረሰኝ መኖሩም ሌላውን ምርመራ አያስቀርም። በተለይ በ3.6 እና በ3.8 ሊትሮቹ 911 እንዲሁም በ3.4 ሊትሩ ኬይማን ኤስ ላይ የሲሊንደር ግድግዳ መጫር የታወቀ ነው፤ ምልክቶቹም የዘይት መብላት፣ ምት የመሰለ ድምፅና በአንድ ወገን ብቻ በጥላሸት የጠቆረ የማርሚታ ጫፍ ናቸው፤ የሚረጋገጠውም በቀጭን ካሜራ ውስጡን በማየት ነው።

ይህ ሁሉ መሠራት ያለበት ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ነው። ፊልትሮውን ለማስከፈት ሻጩ ቢያመነታ፣ የአዲሱን ዘይትና የአዲሱን ፊልትሮ ወጪ ገዢው እንደሚከፍል ቢነገረው መልካም ነው። ሻጩ ሽያጩ ባይሳካ እንኳ ዘይቱ የተቀየረ መኪና ይዞ ይመለሳል፤ ገዢው ደግሞ አሮጌውን ፊልትሮ ተቀብሎ በነጩ ወረቀት ላይ ይዘረጋዋል።