ዲስቶርሽን ምንድን ነው? የተጠበሰውን ከተበላሸው ስለመለየት

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለች አንዲት ቡና ቤት ውስጥ ሁለት የሰፈር ልጆች የሠሩትን ሙዚቃ አሰሙን። አንዱ ጊታር እየተጫወተ ይጮኻል፣ ሌላው ድራም ይመታል። ሦስተኛ ሰው የላቸውም። የሚጫወቱት ኤክስትሪም ሜታል፣ ከሮክ ሙዚቃ እጅግ ሻካራው ነው። ሃያ ሰው ያህል ነበርን፣ ግማሹ የልጆቹ ዘመድ ነው።

ሲጨርሱ ጥያቄ ተፈቀደ። ከማን እንደተማሩ ሲጠየቅ ጊታሪስቱ ዳርክትሮንን ጠራ። ኖርዌያውያን ናቸው፣ እነሱም ሁለት ሆነው ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይተዋል። ድራመሩ የስዊዘርላንዶቹን ሴልቲክ ፍሮስትና የስዊድኖቹን ኢንቱምድን ጨመረ። ጨዋታው እየደራ ሳለ አንድ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ ሰውዬ ተነሣ።

«ልጆች፣ አይክፋችሁና ይኼ ሙዚቃ ሳይሆን ዲስቶርሽን ነው። ድምፁ ተበላሽቷል። ባለሙያ አጥታችሁ ነው?»

ባለሙያው እኔ ነኝ። ድምፁን የሚያቀላቅለው ሚክሰር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።

እዚያው መልስ አልሰጠሁም፤ ሰው ሲበዛ አፌ ይያዛል። «ዲስቶርሽን» የምትለውን ቃል ግን ሰልችቻታለሁ። በዚህ ከተማ ስንት ዓመት ሠርግ ላይ ድምፅ ስሠራ፣ አምፕሊፋየር ስጠግን ኖሬያለሁ። ደንበኛ ሁሉ «ዲስቶርሽን አለው» ብሎ ይመጣል። ማይኩ ሲያፏጭ ዲስቶርሽን ነው ይላል። ያ ፊድባክ ነው። ገመዱ ላልቶ ሲንኮሻኮሽ ዲስቶርሽን ነው። የስፒከሩ ወረቀት ሲቀደድ ዲስቶርሽን ነው። አንድ ጊዜ ዘፋኙ ከቅኝት ሲወጣ እንኳ «ዲስቶርሽኑን አስተካክልልን» ተብዬ አውቃለሁ። እሱን የማስተካክልበት ቁልፍ የለኝም።

ነገሩ ወዲህ ነው። አምፕሊፋየር ጣሪያ አለው። የሚመጣለትን ሞገድ ያሳድጋል እንጂ ከሚበላው ቮልቴጅ በላይ አያወጣም። ሞገዱ ጣሪያውን ሲገጭ አናቱ ይቆረጣል፤ ክቡ ጠፍጣፋ ይሆናል። ይህን ክሊፕ ማድረግ እንለዋለን። የተቆረጠው አናት ታዲያ የድምፅ መቀነስ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ያልነበሩ ድምፆች ይወለዳሉ። የጊታር ወፍራሙ ክር በመደበኛ ቅኝት 82 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ በሰከንድ 82 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። አናቱና ታቹ እኩል ከተቆረጠ በሦስት እጁ 247፣ በአምስት እጁ 412 ኸርዝ ላይ አዳዲስ ድምፆች ይነሣሉ፤ እያነሱም ወደ ላይ ይቀጥላሉ። ሃርሞኒክስ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ዲስቶርሽን ማለት ይኸው ነው። የገባው ቅርጽ ሌላ ሆኖ መውጣቱ።

ሰውዬው «ሌላ» ማለትንና «ብልሹ» ማለትን አንድ አደረገው። እስቲ በምናውቀው እንሂድ። ጥሬ ቆሮሶ አለ። የተጠበሰ ቆሮሶ አለ። ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ የዋለ ቆሮሶም አለ። ሁለቱም ጥሬውን አይመስሉም። የተጠበሰው ሲቀርብለት «ጥሬውን አይመስልም፣ ተበላሽቷል» ብሎ ሳህኑን የሚመልስ ሰው ባሕር ዳር ውስጥ አይቼ አላውቅም። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለዛሬ ተዉልኝ።)

የተጠበሰ ዓሣ ቅርፊቱ ላይ ያለው ጣዕም ጥሬው ዓሣ ውስጥ አልነበረም። ዘይቱ ውስጥም አልነበረም። ሙቀቱ ነው የፈጠረው። ሃርሞኒክስም እንደዚያው ነው፤ ክሩ ላይ ከነበረው በላይ የሆነ ነገር ጣሪያው ይፈጥራል። ጌይን፣ ሞገዱ ጣሪያውን ምን ያህል እንደሚገጭ የሚወስነው ቁልፍ፣ የዘይቱ ሙቀት ነው። ቮልዩም ደግሞ ስንት ሳህን እንደምታቀርቡ ነው። እነዚህን ሁለቱን ማምታታት ነው የሚያበሳጨኝ። «ዲስቶርሽን ማለት በጣም መጮኽ ነው» የሚል ሰው ዘይቱ የጋለው ብዙ ሰው ስለተጠራ ነው እያለ ነው። ጊታሪስቱ በ9 ቮልት ባትሪ የምትሠራ ፔዳል፣ በእግር የምትረገጥ የድምፅ መለወጫ፣ አለችው። በውስጧ ሞገዱን የሚቆርጡት ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት ላይ የሚከፈቱ ዳዮድ የሚባሉ ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ናቸው። ሌሊት በጆሮ ማዳመጫ ይለማመድባታል። ድምፁ እንደ ድንጋይ ወፍጮ ነው፣ አከራዩዋ ግን አንድም ቀን አልነቁም።

ቅመሙም ወቅት አለው። ድምፁ ከመቆረጡ በፊት ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) መቀነስና ከተቆረጠ በኋላ መቀነስ አንድ አይደለም። ዓሣውን ሳታደርቁት ዘይት ውስጥ ከጣላችሁት ይንጨረጨራል፣ ቅርፊቱም ይላሽቃል። ብዙ ቤዝ ወደ ዲስቶርሽን ስትልኩም እንዲሁ ነው፤ ፈጣኑ ምት ሁሉ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ታደርቁታላችሁ። ወፍራም ድምፅ ለማግኘት መጀመሪያ ማቅጠን። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው በሆዳቸው እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ።

ሰውዬው አልተቀመጠም ነበር። ሁለተኛ ክስ አመጣ። «ቤዝ ጊታር የለም ትላላችሁ፣ ግን ቤዝ ይሰማኛል። ከኮምፒውተር አስገብታችሁ ነው።» ልጆቹ ደነገጡ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ለካ ጆሮው ጥሩ ነው!

ሁለት ዓሣ አንድ መጥበሻ ላይ ስትጠብሱ የአንዱ ጣዕም ወደ ሌላው ይሄዳል። እዚህ ላይ ምሳሌዬ ያቃተኛል፣ ምክንያቱም ጊታሩ ላይ የሚሆነው ሦስተኛ ዓሣ መወለዱ ነው። ልጁ የሚጫወተው ሁለት ድምፅ ብቻ ያለውን ፓወር ኮርድ ነው። 82.4 እና 123.5 ኸርዝ እንበል። በዲስቶርሽን አብረው ሲያልፉ ይባዛሉ፣ ይደመራሉ፣ ይቀናነሳሉ። የሁለቱ ልዩነት 41.1 ነው። የመጀመሪያውን ሁለት እጥፍ አድርጋችሁ ሁለተኛውን ብትቀንሱም 41.3 ይመጣል። ይኼ ማንም ያልመታው፣ ከወፍራሙ ክር አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም በኸርዝ ግማሽ፣ የሚወርድ ድምፅ ነው። ቤዝ ጊታር ራሱ ወፍራም ክሩ 41 ኸርዝ አካባቢ ነው። ሰውዬው የሰማው ቤዚስት ይኼ ነው። ንጹሕ ጊታር ላይ ያንኑ ሁለት ድምፅ ብትመቱት እሱ አይመጣም።

(ሳልጠየቅ ልጨምር። የጊታር ስፒከር 41 ኸርዝን በደንብ አያወጣም። ጆሯችን ራሱ ከላይ ካሉት ሃርሞኒክሶች ተነሥቶ የጎደለውን መሠረት ይሞላል። የዚያን ቀን ደግሞ ሰብዉፈር፣ የወፍራም ድምፅ ስፒከር፣ ይዤ ነበር።)

የሜታል ጊታሪስቶች ሙሉ ኮርድ የሚሸሹት ሌላ ስለማያውቁ ነው የሚባለውም ከዚሁ ጋር ይወድቃል። ብዙ ድምፅ አንድ ላይ ወደ ዲስቶርሽን ከላካችሁ ልዩነቶቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ይተረማመሳሉ። ሁለቱ ልጆች ሦስተኛ ሰው ያልጨመሩት በድህነት ነው ብሎ ያዘነላቸውም ነበር። ቦታው እኮ ሞልቷል! ቤዝ ጊታር ቢጨመር ራሱ የት እንደማስቀምጠው አላውቅም።

ሰውዬው አንድ ነገር ቢያነሣ ኖሮ ግን እሸነፍለት ነበር። ነገሩ የተጀመረው ከእውነተኛ ብልሽት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር 1961 በወጣ አንድ ዘፈን ላይ፣ አሜሪካ ናሽቪል ውስጥ አንድ የተበላሸ የሚክሰር መስመር የጊታሪስቱን የግሬዲ ማርቲንን ድምፅ አሻከረው። ሰዎች ወደዱት። በማግስቱ ዓመት ያንን ሻካራ ድምፅ አስቦ የሚሠራ የፈዝ ፔዳል ገበያ ላይ ዋለ። በ1964 የእንግሊዙ ባንድ የኪንክስ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ የአምፑን ስፒከር በምላጭ ተለተለው። በ1983 ደግሞ የጃፓኑ ኩባንያ ቦስ ኤችኤም2 የምትባል ፔዳል አወጣ። ፔዳሏ በ1991 ከምርት ስትወጣ ስዊድኖች የራሳቸው አድርገዋት ነበር። ሁሉንም ቁልፍ እስከ መጨረሻው ያዞሩታል። ድራመሩ የጠራቸው የኢንቱምድ የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ላይ እንደ መጋዝ የሚቆርጠው ድምፅ ይኼ ነው። ዳርክትሮኖች ደግሞ በተቃራኒው ቀጭንና ደረቅ ድምፅ መረጡ። እውነቱን ለመናገር የነሱን ቀጭን ድምፅ እኔ አልወደውም። ግን አስበው ያደረጉት ነው። ደርቆ የተጠበሰ ዓሣ የሚወድ ሰው አለ።

«ለእኛ ጆሮ ባዕድ ነው» የሚሉም አሉ፤ እሱንም አልቀበልም። በገና እኮ ይነዝራል። ከዐሥሩ አውታሮች ሥር፣ ብርኩማው ላይ የምትገባው እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ሥራዋ ምንድን ነው? አውታሩ እየነካካት እንዲነዝር ነው። ደርዳሪው እሷን ለማስተካከል ብዙ ይደክማል። ቆዳዋን አውጧትና ደርድሩት፤ ድምፁ የጠራ፣ ግን በገና ያልሆነ ነገር ይሆናል። አሠራሩ ከአምፕሊፋየር ጋር አንድ አይደለም፣ በገና የጸሎት መሣሪያ መሆኑንም አልረሳሁም። ማመሳሰሌ ለንዝረቱ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ይኼን አንብባችሁ የሠርጉን ሚክሰር ቀይ መብራት ላይ እንዳትሰቅሉብኝ። ጊታሩ የሚቆረጠው በታሰበበት ቦታ፣ ፔዳሉ ወይም የራሱ አምፕ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሁሉ ንጹሕ መሆን አለበት። ዋናው አምፕሊፋየር ራሱ ሲቆርጥ አራት ማዕዘን የሆነው ሞገድ እኩል ቁመት ካለው ክብ ሞገድ ይልቅ እጥፍ ኃይል ወደ ስፒከሩ ይልካል። ቀድሞ የሚቃጠለው ትዊተሩ፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ ነው። በዲጂታል ሚክሰር ደግሞ ጣሪያው የሆነውን ዜሮን ካለፋችሁ ከሙዚቃው ጋር ዝምድና የሌላቸው ድምፆች ይገባሉ። እሱ የተበላሸው ዓሣ ነው። ሰውዬው እሱን ቢሰማ ኖሮ እኔም አብሬው እጮኽ ነበር።

ፔዳልን በቀጥታ ሚክሰር ላይ መሰካትም አይሠራም። የጊታር ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን አብዛኛውን ይውጠዋል፤ ዘይቱን የሚያንጠፈጥፈው እሱ ነው። እሱ ከሌለ የሚሰማችሁ የተቆጣ የንብ መንጋ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ቀን እንደዚያ ሰክተው ነበር የጠበቁኝ። እኔም ጆሮዬን ይዤ «ምን ተበላሸ?» አልኩ።