«ከዚያስ?» ያሰኘችው ደራሲ፦ የጄ. ኬ. ሮውሊንግ ሕይወትና ሥራ

ወሎ ውስጥ ተረትን የሚዳኘው ልጅ ነው። በረካው ተጠጥቶ ከሰሉ አመድ መልበስ ሲጀምር አያት «ተረት ተረት» ትላለች። ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይቀበላሉ። አያ ጅቦና እመት ጦጢት ይገናኛሉ። ተረቱ ከያዛቸው «ከዚያስ?» ይላሉ፤ ካልያዛቸው እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ። የእኔ አያት ሲተኙባት «ዛሬስ ጨው ረሳሁ መሰለኝ» ትል ነበር።

የሃሪ ፖተር ደራሲ የጄ. ኬ. ሮውሊንግ ታሪክ ሲነሳ ይሄ ነው ትዝ የሚለኝ። ሰባቱ የሃሪ ፖተር መጻሕፍት ከ80 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ተተርጉመው ከ600 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠዋል። መጀመሪያ ዕድላቸውን የቆረጠችው ግን አንዲት የ8 ዓመት ልጅ ነበረች። እደርስበታለሁ።

ጆአን ሮውሊንግ የተወለደችው ሐምሌ 31 ቀን 1965 በእንግሊዝ፣ ብሪስቶል አጠገብ ባለችው «ዬት» (Yate) በምትባል ከተማ ነው (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። የመጀመሪያ ድርሰቷን የጻፈችው በ6 ዓመቷ ሲሆን ስለታመመች ጥንቸል ነበር። ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፈረንሳይኛና የጥንት ግሪክና ሮማ ትምህርት ተማረች። ከዚያ ለንደን ውስጥ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ተቀጠረች።

በ1990 ከማንቸስተር ወደ ለንደን የምትሄድበት ባቡር 4 ሰዓት ዘገየ። አስማተኛ መሆኑን የማያውቅ ልጅ ሐሳብ እዚያው ባቡር ላይ መጣላት። የሚጽፍ እስክሪብቶ አልያዘችም፣ ሰው ለመጠየቅም አፈረች። ስለዚህ ዝም ብላ ተቀምጣ በጭንቅላቷ ፈተለችው። የእኛ አያቶችም ተረታቸውን የሚይዙት በጭንቅላታቸው ነው፤ ባትጽፈው ሳይጠቅማት አልቀረም እላለሁ።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ እናቷ ሞቱ። በነርቭ በሽታ ብዙ ዓመት ታመው ነበር፣ ገና 45 ዓመታቸው ነው። ስለ ሃሪ አንዲት ቃል አልነገረቻቸውም። የሃሪ የወላጅ ናፍቆት ጠልቆ የገባው ከዚያ በኋላ እንደሆነ ራሷ ተናግራለች። ሐዘኗን ይዛ ፖርቹጋል፣ ፖርቶ ሄደች። እንግሊዝኛ አስተማረች፣ አገባች፣ በ1993 ሴት ልጅ ወለደች፣ ትዳሩ ፈረሰ። ልጇንና 3 ምዕራፍ ብቻ የያዘ ረቂቅ ይዛ ኤዲንብራ፣ እህቷ ወዳለችበት ከተማ ገባች።

እዚያ በመንግሥት ድጎማ ኖረች። ልጇን በጋሪ እየገፋች ታስተኛትና ካፌ ገብታ ትጽፋለች። ቤቷ ማሞቂያ ስለሌለው ነው ካፌ የምትውለው የሚለው ወሬ ሐሰት ነው፣ ራሷ አስተባብላዋለች። የደሴን የሐምሌ ጉም የሚያውቅ ሰው ግን ወሬውን ለምን እንደወደድነው ይገባዋል። ለአንድ ማኪያቶ ሦስት ሰዓት የተቀመጠ ስንት ሰው አለ!

ረቂቁን በአሮጌ የጽሕፈት መኪና ተይባ በ1995 ጨረሰች። 12 አሳታሚዎች መለሱት። ብሉምስበሪ በተባለው አሳታሚ ቤት ግን ኃላፊው የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለልጁ ሰጣት። ልጅቷ አንብባ ጨረሰችና ቀሪውን ካላመጣህ ብላ ያዘችው። በእኛ ቋንቋ «ከዚያስ?» አለች ማለት ነው። መጽሐፉ ሰኔ 26 ቀን 1997 ወጣ። በጠንካራ ሽፋን የታተመው 500 ብቻ ሲሆን አብዛኛው ለቤተ መጻሕፍት ነበር። አርታኢዋ በልጆች መጽሐፍ እንጀራ አይበላም፣ ሥራ ፈልጊ ብሎ መክሯት ነበር። ወንዶች ልጆች የሴት ድርሰት አያነቡም ተብሎ ተፈርቶም ስሟ በፊደል አጠረ። «ኬ» የአያቷ የካትሊን ናት።

ከዚያ ወዲያ ያለው የሚታወቅ ነው። የአሜሪካ መብቱ በ105 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ሰባተኛው በ2007 ሲወጣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ብቻ በ24 ሰዓት ወደ 11 ሚሊዮን ተቸበቸበ። ከ2001 እስከ 2011 ደግሞ 8 ፊልም ተሠራ።

ወሎ ላደገ ሰው የመጽሐፉ ዓለም እንግዳ አይደለም። ልጅ ከቤቱ ወጥቶ ሩቅ አገር፣ መምህር ዘንድ ሄዶ ያድራል። አኮፋዳውን ያነገተ የቆሎ ተማሪ ይህንኑ ያደርጋል። ዳና ወይም ጀማ ንጉሥ ሼኮቹ ዘንድ ኪታቡን ይዞ የሚወርድ ደረሳም እንዲሁ። ችግሩ ትርጉሙ ላይ ነው። ሃሪን «ጠንቋይ» ካልከው እናት መጽሐፉን ከቤት ታስወጣዋለች። «አስማተኛ» ይሻላል፤ ባይሆን እንኳ ቅር የሚለው ሰው ያንሳል።

ከሃሪ በኋላ ለአዋቂዎች ጻፈች። ሮበርት ጋልብሬዝ በሚል የወንድ ስም የወንጀል ልቦለድ አውጥታ በ2013 ተደረሰባት። በእናቷ ስም በኤዲንብራ ለነርቭ ሕሙማን ምርምር ክሊኒክ ማቋቋሚያ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጥታለች። ሉሞስ የተባለው ድርጅቷ ደግሞ በማሳደጊያ ያሉ ልጆች ወደ ቤተሰብ እንዲመለሱ ይሠራል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በፆታ ማንነት ላይ የምትጽፈው ብዙ አንባቢዎቿን ለሁለት ከፍሏል።

እኔ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያገኘሁት ደሴ ፒያሳ፣ አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ልጅ ነው። ማታ ማታ ለእህቴ ልጅ በአማርኛ እያዞርኩ አነበብኩላት። መጨረሻው ላይ ስንደርስ ስምንት ገጽ ያህል ተቀዷል። ሻጩ ያውቅ ይሆን?

«ከዚያስ?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«እንግዲያው አገር ስጠኝ።»

ኮምቦልቻን ሰጠኋት። ብርዱን ጥላ ሞቃት አገር ገባች፣ በላች ጠጣች፣ ቀሪውን ራሷ ነገረችኝ።