ስለ መጀመሪያው ትሪያትሎን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን ያለ እረፍት በአንድ ውድድር የሚያጣምረው ትሪያትሎን ከስፖርቱ ይልቅ ዝናው ቀድሞ የሚታወቅ ነው። ዝናው ደግሞ በአብዛኛው ከጥቂት ጽኑ ሰዎች ገድል የመጣ በመሆኑ፣ ሥራና ቤተሰብ ይዞ በትርፍ ሰዓቱ የሚለማመድ ሰው የሚያስፈልገውን ነገር ከዚያ ማወቅ አይችልም። እኔ ለመጀመሪያው አጭር ውድድር በተዘጋጀሁባቸው ወራት ሰዎች ሲሰጉ የሰማሁት ከርቀቱና ከመሣሪያው ዋጋ ነበር፤ ዝግጅቱ በእርግጥ የጠየቀው ግን በውሃ ውስጥ መረጋጋትን፣ ፍጥነትን መግታትንና ሦስቱን ስፖርቶች ማያያዝን ነው። ብዙ ጊዜ የሚደጋገሙት አባባሎችም ትኩረትን ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ የሚመሩ ናቸው።

«ትሪያትሎን ማለት አይረንማን ነው»

አይረንማን ከስፖርቱ ዓይነቶች አንዱ ብቻ ነው፤ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና በመጨረሻም ሙሉ ማራቶን የሚጠይቅ በመሆኑ ለጀማሪ የሚመከር አይደለም። የመጀመሪያው አይረንማን እ.ኤ.አ. በየካቲት 1978 በሃዋይ ኦዋሁ ደሴት ሲካሄድ ከጀመሩት 15 ሰዎች የጨረሱት 12 ሲሆኑ፣ አሸናፊው ጎርደን ሃለር ከ11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ በላይ ፈጅቶበታል። ስፖርቱ ግን ከዚያ በፊት ተጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 25 ቀን 1974 በሳንዲያጎ ሚሽን ቤይ የአንድ ሯጮች ክለብ አባላት ባዘጋጁት ውድድር 46 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ ዕለቱ ረቡዕ ነበርና ከሥራ በኋላ የሚደረግ የክለብ ጨዋታ መልክ ነበረው ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የገባው ርቀት 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ስፕሪንት የሚባለው የዚህ ግማሽ ሲሆን፣ 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ይይዛል፤ ከዚህም ያጠረ ሱፐር ስፕሪንት አለ። በመጠኑ የተዘጋጀ ጀማሪ ስፕሪንቱን በአንድ ሰዓት ተኩልና በሁለት ሰዓት መካከል ሊጨርሰው ይችላል። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያ ውድድር ከዚህ መርዘም የለበትም።

«ጎበዝ ዋናተኛ ያልሆነ ሰው አይሞክረው»

ይህን አባባል ረዘም አድርጌ የምመለከተው ብዙ ሰዎችን ከመንገድ የሚያስቀር እርሱ በመሆኑ ነው። በስፕሪንት ውድድር ውስጥ የዋናው ርቀት ከጠቅላላው ሦስት በመቶ እንኳ አይሞላም። ደንቡም ለዋናተኛው ቸር ነው፤ ነፃ ቀዘፋ፣ የደረት ቀዘፋ ወይም የጀርባ ቀዘፋ ሳይል በማንኛውም ስልት መዋኘትን ይፈቅዳል፣ የደከመ ተወዳዳሪም ወደ ፊት ለመሄድ እስካልተጠቀመበት ድረስ ተንሳፋፊ ምልክት ይዞ ማረፍ ይችላል። ስለዚህ የሚጠየቀው ርቀቱን ሳይሸበሩ መጨረስ እንጂ ፍጥነት አይደለም።

ለሯጮች ግራ የሚያጋባው ነገር ሌላ ነው። አሥር ኪሎ ሜትር ያለ ችግር የሚሮጥ ሰው ገንዳ ውስጥ ገብቶ ሃምሳ ሜትር ሳይደርስ ሲያለከልክ «ሳንባዬ ደካማ ነው» ብሎ ይደመድማል፤ ከዚያም ይበልጥ በኃይል በመቅዘፍ ሊያካክስ ይሞክራል። ውሃ ከአየር ስምንት መቶ እጥፍ ገደማ የሚበልጥ ጥግግት ስላለው፣ እግሩ የሰመጠ ዋናተኛ ጉልበቱን የሚያጠፋው ወደ ፊት ለመሄድ ሳይሆን ውሃውን በሰውነቱ ለመግፋት ነው። እግር የሚሰምጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጭንቅላት ቀና ስለሚል ነው፤ ፊት ወደ ታች ሲመለከት ዳሌ ይነሣል፣ ዳሌ ሲነሣም የውሃው መቋቋም ይቀንሳል። በእግር በብርቱ መምታትም መፍትሔ አይሆንም፤ የእግር ጡንቻዎች ትልልቅ በመሆናቸው ብዙ ኦክስጅን ይፈጃሉ፣ በረጅም ነፃ ቀዘፋ የሚሰጡት ግፊት ግን ከክንድ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጀማሪውን የሚያስጨንቀው አተነፋፈስ ነው። ፊት ውሃ ውስጥ ሳለ እስትንፋስን አፍኖ መያዝ በደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲከማች ያደርጋል፤ የመታፈን ስሜት የሚቀሰቀሰው በዋናነት ከዚህ ክምችት እንጂ ከኦክስጅን ማነስ አይደለም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩረት የሚገባው አየር መሳብ ሳይሆን ውሃ ውስጥ ያለማቋረጥ ማስወጣት ነው። ይህ ሲለመድ ርቀቱ በራሱ መጨመር ይጀምራል። ሳምንታዊ ጊዜው ጠባብ የሆነ ሰው አንድ ረጅም ዋና ከሚሠራ ሁለት ወይም ሦስት አጫጭር ልምምዶች ቢሠራ ይሻለዋል፤ ስልት የሚሰምረው ቶሎ ቶሎ ሲደጋገም ነውና።

«ገንዳ ውስጥ የቻለ ሐይቅ ውስጥም ይችላል»

በከፊል እውነት ነው፤ የጎደለው ከፊል ግን ዋጋ ያስከፍላል። በሐይቅ ወይም በባሕር ውስጥ የሚከተሉት መስመር፣ የሚይዙት ግድግዳ ወይም የሚያዩት ወለል የለም። በየጥቂት ቅዘፋው ዓይንን ብቻ ከውሃው በላይ አውጥቶ ምልክቱን ማየት ያልተማረ ሰው እየጠመመ ሄዶ ከተለካው ርቀት በላይ ይዋኛል። በተጨማሪም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በድንገት መግባት በመጀመሪያዎቹ አንድ እስከ ሦስት ደቂቃዎች ትንፋሽን ከቁጥጥር ውጭ ያደርጋል፤ ልብንም በኃይል ያስመታል። ይህ ምላሽ በጉብዝና የሚሸነፍ ሳይሆን ቀስ ብሎ በመግባትና በተደጋጋሚ በመለማመድ የሚቀንስ ነው። ዌትሱት የሚባለው ከላስቲክ የሚሠራ የዋና ልብስ ሙቀትን ከመጠበቁም በላይ ሰውነትን ስለሚያንሳፍፍ ለጀማሪ ትልቅ እገዛ ይሰጣል፤ ሆኖም በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንብ ለአማተር ተወዳዳሪዎች በአጭሮቹ ርቀቶች የውሃው ሙቀት ከ22 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲበልጥ ይከለከላል፣ ከ16 ዲግሪ ሲያንስ ደግሞ ግዴታ ይሆናል። ስለዚህ በእርሱ ብቻ ተማምኖ መዘጋጀት አያዋጣም።

ከዚሁ ጋር «አደገኛው ክፍል ብስክሌቱ ነው» የሚለው እምነት መታረም አለበት። በብስክሌት መውደቅ የተለመደ ጉዳት ቢሆንም፣ በትሪያትሎን ውድድሮች ላይ ከደረሱት የሞት አደጋዎች አብዛኞቹ የተከሰቱት በዋናው ክፍል ነው፤ በብዙዎቹም ቀድሞ ያልታወቀ የልብ ችግር ተገኝቷል። አርባ ዓመት ያለፈው፣ የደም ግፊት ያለበት ወይም በልምምድ ወቅት የደረት ሕመም የተሰማው ሰው ልምምዱን ከማጠንከሩ በፊት ሐኪም ማማከሩ፣ ማንም ሰው ደግሞ በክፍት ውሃ ብቻውን አለመዋኘቱ ሊታለፍ የማይገባ ጥንቃቄ ነው።

«ውድ ብስክሌት ከሌለህ አትጀምር»

በሜዳማ መንገድ ላይ በጥሩ ፍጥነት የሚጓዝን ብስክሌተኛ ከሁሉም በላይ የሚይዘው የአየር መቋቋም ነው፤ ከዚህም ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚፈጥረው የጋላቢው ሰውነት እንጂ ብስክሌቱ አይደለም። ስለዚህ ክርንን አጠፍ፣ ትከሻን ዝቅ አድርጎ መቀመጥን መለማመድ በብዙ ገንዘብ ከሚገዛ ቀላል ፍሬም የበለጠ ጥቅም አለው። የመቀመጫው ከፍታም እንዲሁ ነው፤ ፔዳሉ ከታች ሲደርስ ጉልበት በጥቂቱ እንደታጠፈ መቅረት ሲኖርበት፣ ዝቅ ያለ መቀመጫ ግን ጉልበትን ያሳምማል፣ ኃይልንም ያባክናል። ፍሬኑ የሚይዝ፣ ጎማው ያላረጀና የመሪው ጫፎች የተደፈኑለት ተራ ብስክሌት ለመጀመሪያ ውድድር ይበቃል። ገንዘብ ካለ ለሄልሜት፣ ለሚስማማ የሩጫ ጫማና ለጥቂት የዋና ትምህርት ቢውል እመርጣለሁ። የተነፈሰ ጎማ በራስ መቀየር መቻል ደግሞ ገንዘብ ሳይሆን አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይጠይቃል፤ ብዙዎች ግን አይማሩትም፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

«ያላደከመ ልምምድ አልሠራም»

ጊዜው ያጠረበት አማተር እያንዳንዱን ሰዓት በሙሉ ኃይሉ መጠቀም እንዳለበት ያስባል፤ ውጤቱም ለዕድገት የሚበቃ ኃይል የሌለው፣ ለማገገም የሚሆን ልዝብነትም የጎደለው መካከለኛ ድካም ነው። የረጅም ጊዜ ጽናት የሚገነባው በአብዛኛው ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ ሊሠሩት በሚቻል ልዝብ ፍጥነት ነው፤ ጠንካራው ልምምድ ለሳምንቱ ጥቂት ክፍለ ጊዜያት ይቀመጣል። ሦስት ስፖርቶችን የሚለማመድ ሰው ይህን ካልጠበቀ የማክሰኞው ዋና በሰኞው ሩጫ ይበላል። በማግስቱ የሚሰማውን የጡንቻ ሕመም «ላክቲክ አሲድ ነው» ማለትም የቆየ ስሕተት ነው፤ በደም ውስጥ የጨመረው ላክቴት ከልምምዱ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን የሚቆየው ሕመም ግን ባልተለመደ ሥራ ጡንቻ ላይ ከሚደርስ ጥቃቅን ጉዳትና እርሱን ተከትሎ ከሚመጣ የመቆጣት ሂደት ጋር የተያያዘ ነው።

«ሦስቱን ለየብቻ ከቻልኩ ውድድሩን ቻልኩ»

ከብስክሌት ወርዶ መሮጥ ከሌላው ሩጫ ሁሉ የተለየ ነው። እግር ለረጅም ጊዜ ክብ እንቅስቃሴ ከለመደ በኋላ በድንገት የሰውነትን ክብደት እንዲሸከም ሲጠየቅ ይከብዳል፤ የፍጥነት ግምትም ይዛባል፣ ሯጩ ቀስ እያለ የሄደ መስሎት ከአቅሙ በላይ ይጀምራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ከብስክሌቱ እንደወረዱ ከአሥር እስከ ሃያ ደቂቃ መሮጥ በቂ ነው። በእኔ ልምምድ ትልቁን ለውጥ ያየሁበት ይኸው አጭር ሩጫ ነው፤ ከሌሎቹ ልምምዶች ሁሉ ያነሰ ጊዜ ወስዶ ከሁሉም በላይ ድፍረት የሰጠኝም እርሱ ነው።

በተጨማሪም ከአንዱ ስፖርት ወደ ሌላው በሚታለፍበት የመሸጋገሪያ ቦታ ሰዓቱ አይቆምም። ደንቡም የሚጠብቀው እዚያ ነው፤ ብስክሌቱ ከመስቀያው ከመነሣቱ በፊት ሄልሜት ተደርጎ መታሰር አለበት፣ መፈታት የሚቻለውም ብስክሌቱ ተመልሶ ከተሰቀለ በኋላ ነው። ብስክሌት ላይ መውጣት የሚፈቀደው የመውጫውን መስመር ካለፉ በኋላ ነው፣ መውረድ የሚገባውም ከመውረጃው መስመር በፊት ነው። በአብዛኞቹ የአማተር ውድድሮች ከፊት ያለውን ብስክሌተኛ ተጠግቶ ከነፋሱ መከለልም ያስቀጣል፤ መጠበቅ ያለበት ርቀት እንደ ውድድሩ ዓይነት ይለያያልና መመሪያውን ቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል። እርጥብ እጅና የሚንቀጠቀጥ ጣት ይዞ የሄልሜት ማሰሪያን መቆለፍ ቤት ውስጥ ሊለማመዱት የሚገባ ሥራ ነው።

«በተቻለ መጠን ብዙ ውሃ ጠጣ»

ከሚያስፈልገው በላይ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም በማቅጠን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ግራ መጋባት ሊያስከትል፣ ሲከፋም ለሞት ሊያበቃ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 በመቶ ያህሉ የሶዲየም መጠናቸው ከጤናማው በታች ሆኖ ተገኝቷል። በስፕሪንት ርቀት ሲጠሙ መጠጣት ይበቃል። ምግብን በተመለከተ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚቆይ ጥረት በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት የተለመደ መጠን ነው፤ የሚወሰደውም ሆድ እንዲለምደው በልምምድ ጊዜ ከተሞከረው ውስጥ መሆን አለበት።

«ዕድሜዬ አልፏል»

አሜሪካዊቷ መነኩሲት ማዶና ቡደር ትሪያትሎን የጀመሩት ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በ82 ዓመታቸው አይረንማን ጨርሰዋል። ይህ ልዩ ሰው የሠራው ልዩ ሥራ ስለሆነ ለሁሉም መለኪያ አላደርገውም። ሆኖም የአማተር ውድድሮች ውጤት በየአምስት ዓመቱ የዕድሜ ክልል ስለሚከፋፈል፣ የሃምሳ አምስት ዓመት ጀማሪ የሚነጻጸረው ከእኩዮቹ ጋር ነው።

«ያመለጠኝን ልምምድ በመጨረሻው ሳምንት አካክሳለሁ»

ሰውነት ለልምምድ የሚሰጠው ምላሽ ጊዜ ስለሚወስድ፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት የተጨመረ ሸክም ለውድድሩ ዕለት የሚያደርሰው ጉልበትን ሳይሆን ድካምን ነው። የተለመደው አሠራር ፍጥነቱን በአጫጭር ሩጫዎች ጠብቆ የልምምዱን መጠን ከ40 እስከ 60 በመቶ መቀነስ ነው፤ ለረጅም ርቀት ቅነሳው ሁለት ሳምንት ያህል ሲቆይ ለስፕሪንት ግን አንድ ሳምንት ይበቃል። በዚህ ሳምንት እግር እንግዳ በሆነ መንገድ ይከብዳል፣ አእምሮም አንድ ረጅም ልምምድ ጨምር እያለ ይወተውታል፤ የተረፈው ሰዓት የውድድሩን መንገድ በብስክሌት ቀስ ብሎ ለመቃኘት፣ ሰንሰለቱንና ፍሬኑን ለመፈተሽ፣ ከውሃው የሚወጡበትን ቦታና የብስክሌት መስቀያውን ረድፍ በእግር ሄዶ ለማየት ይውላል።