«ሰው የለኝም» ለሚሉ የካንሰር ታማሚዎቻችን

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ ወገኖቼ። እሁድ መጻጉዕን አክብረን ዮሐንስ 5 ሲነበብ ሁላችን ሰምተናል፤ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ግን የጨረር ሕክምና ወረፋ የምትጠብቅ እህታችን «እምነት ቢኖርሽ ማሽን ባልጠበቅሽ ነበር» ስትባል ሰማሁና አንጀቴ አረረ።

ያ መጻጉዕ የምንለው በመጠመቂያው አጠገብ የነበረ በሽተኛ እኮ 38 ዓመት የተኛው እምነት ስላነሰው ነው አላለም ወንጌሉ። ራሱ ሲናገር «ሰው የለኝም» ነው ያለው፣ የሚፈውሰው ውሃ ውስጥ ሊገባ እሱ ሲመጣ ሌላው ይቀድመዋል። ጌታም ብዙ ዘመን እንደቆየ አውቆ «ልትድን ትወዳለህን?» አለው፣ ኋላ በዕለተ ዓርብ ያው ሰው በጥፊ እንደሚመታው እያወቀ ነው ያዳነው ብለው አባቶቻችን ያስተምሩናል። እና እኛ ወረፋ ላይ ያለ በሽተኛ ላይ ለመፍረድ ማን ነን?

ነገሩን የማታውቁ ካላችሁ፣ ለብዙ ዓመታት በሀገራችን ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ አሁን እንደ ጅማ ያሉትም ጀምረዋል ግን ታማሚው ብዙ ነው፣ ማሽን ሲበላሽ የሁሉም ቀጠሮ ይገፋል፣ ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ደግሞ ደም አንሷል ከተባለ ለሌላ ቀን ይቀጠራል፣ መድኃኒቱ ከጠፋም ከሆስፒታሉ ውጭ ግዙ ይባላል፣ ከገጠር የመጣው ደግሞ ብሩን ለቤት ኪራይ ጨርሶ ተራው ሳይደርስ አገሩ ይመለሳል። የማህፀን በር ካንሰር ቶሎ ከታከመ የሚድን በሽታ ነው፣ እየቆየ ሲሄድ ግን ይሰራጫል፣ ይሄ ነው የሚያስለቅሰው።

በዘመድ የሌላውን ወረፋ የምታልፉም «ሌላው ቀድሞኝ ይወርዳል» የተባለው እናንተን ነው፣ እግዚአብሔርን ፍሩ!

እናንተ የምትጠብቁ ደግሞ አይዟችሁ። ጌታ መጻጉዕን ያገኘው እዛው ወረፋው ላይ ተኝቶ እያለ ነው፣ ውሃው ውስጥ እስኪገባ አልጠበቀም። ጠበሉን ተጠመቁ፣ እምነቱን፣ ማለትም ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን የተባረከ አፈር፣ ተቀቡ፣ ቀጠሮውን ግን በፍፁም እንዳትተዉ፣ ሲራክ 38 ላይ ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላልና። ኬሞ ላይ ሆናችሁ ጾሙ ከከበዳችሁ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፣ በጸጸት አትሰቃዩ።

ጽዋ ማህበር ያላችሁ በዚህ ጾም አንድ ታማሚ ያዙ። አዲስ አበባ ትርፍ ክፍል ያለው ከገጠር የመጣ ያሳድር፣ ደም መስጠት የሚችል ይስጥ፣ ጊዜ ያለው ደግሞ ካርድ ክፍል ሄዶ ተራ ይያዝላቸው፣ ሆስፒታሉ ሲደውል ስልኩን የሚያነሳላቸው ሰው ይሁን፣ ስልክ ሳይነሳ ተራቸው ያለፈ ስንት አሉ።