ኤፍፒጂኤን «እንደገና ኮንፊገር ማድረግ» ምንድን ነው?

ወሩ ሰኔ ነበር። ባሕር ዳር፣ ላብራቶሪ ውስጥ አምስት ሆነን ቤዚስ 3 በሚባል የኤፍፒጂኤ ቦርድ ላይ ቆጣሪ እየሠራን ነው። ከጣና በኩል የመጣው ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር መብራት ሄደ። ዴስክቶፖቹ ጠፉ፤ ከእነሱ ኃይል የሚወስዱት ቦርዶችም አብረው ጠፉ። መብራት ሲመጣ የአራታችን ቦርድ ዝም አለ። የአንዷ ጓደኛችን ግን ማንም ሳይነካው ከዜሮ ተነሥቶ መቁጠር ጀመረ።

ኤፍፒጂኤ ሥራው ፋብሪካ ላይ ተወስኖለት የሚወጣ ቺፕ አይደለም። ምን እንደሚሆን የምንነግረው እኛ ነን። ውስጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ሠንጠረዦች አሉ። እነሱን የሚሞላውና እርስ በርስ የሚያገናኛቸው ፋይል ቢትስትሪም ይባላል፤ እሱን ቺፑ ላይ መጫን ደግሞ ኮንፊገር ማድረግ ነው። ቤዚስ 3 ላይ ላለው አርቲክስ 7 ቺፕ ፋይሉ 17,536,096 ቢት ነው፤ ከ2 ሜጋባይት ትንሽ ያልፋል። ቺፑ ይህን ሁሉ የሚይዘው ኤስራም በሚባል፣ ኃይል እስካለ ብቻ በሚያስታውስ ሜሞሪ ላይ ስለሆነ ኃይል ሲቋረጥ አንዲት ቢት አትተርፍም። ቺፑ ጥቁር ሰሌዳ ነው። ደብተሩ ደግሞ ቦርዱ ላይ ከጎኑ ያለው ፍላሽ ሜሞሪ ነው፤ መብራት ቢሄድም የጻፉበትን አይረሳም።

ሪሴትና እንደገና ኮንፊገር ማድረግ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ሪሴት ስናደርግ ቆጣሪው ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ቆጣሪነቱ ግን እንዳለ ነው። እንደገና ኮንፊገር ስናደርግ ቆጣሪው ራሱ ይጠፋና ሰሌዳው ከደብተሩ እንደ አዲስ ይጻፋል።

ቦርዱ ላይ «ፕሮግ» የሚል ቁልፍ አለ። ሲጫኑት ቺፑ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ሲለቁት ከየት ማንበብ እንዳለበት ያያል፤ ፍላሽ ከተባለ ቢትስትሪሙን ይጎትታል፤ ስህተት አለመኖሩን ያጣራል። ከዚያ «ደን» የምትባለው መብራት ትበራለች። ያቺን መብራት ሳይ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ያን ቀን ሦስቱ ልጆች ዲዛይናቸውን በኬብል ቀጥታ ቺፑ ላይ ነበር የጫኑት። እኔ ፍላሹ ላይ ጽፌያለሁ፤ ግን ቺፑ ከየት እንደሚያነብ የሚመርጠው ትንሽ መሰኪያ፣ ጃምፐሩ፣ ጄታግ ላይ፣ ማለትም በኬብል መጫኛው ላይ፣ ቀርቷል። ደብተሩ ሞልቶ ቺፑ የኬብል ያለህ ይላል ማለት ነው። ጃምፐሩን ወደ ፍላሹ አዛውሬ ፕሮግን ስጫን ተነሣ።

ቁልፉን የሚጫን ሰው ባይኖርስ? ደቅ ደሴት ላይ የሐይቁን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ ተከልን እንበል። አዲስ ዲዛይን በርቀት ፍላሹ ላይ ይጻፋል፤ ቺፑም ከውስጡ ለራሱ ትእዛዝ ሰጥቶ ከዚያ አድራሻ ይነሣል። አዲሱ ፋይል ተበላሽቶ ቢገኝስ? ፍላሹ መጀመሪያ ላይ ማንም የማይነካው፣ የተፈተነ ዲዛይን አስቀምጠን ከሆነ ቺፑ ወደ እሱ ይመለሳል። እኔ ብሆን ይህን ሳላዘጋጅ መሣሪያውን ጀልባ ላይ አልጭነውም።